የመዝገብን ቁልፍ ስለ መሻር
(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኀላፊዎች የቀረበ ንግግር)



መምህር ሁለት ዐይነት አደራ አለበት። አንደኛው አደራ ልጁን ማስተማር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ መማሩን የሚመሰክረውን መዝገብ መጠበቅ ነው። ስለ መጀመሪያው አደራ በየጉባኤው ብዙ ሲነገር ኖሯል። ሁለተኛው ግን የጸሐፊ ሥራ ብቻ እየመሰለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዛሬ የሚነገረው ስለዚሁ ስለ ተዘነጋው አደራ፥ ከእርሱም ውስጥ ስለ አንድ ትንሽ ክፍል ነው። ይኸውም የተማሪዎች መዝገብ በኮምፒዩተር በሚጠበቅበት ትምህርት ቤት የመዝገቡ ቁልፍ ምን እንደ ሆነ፥ ቁልፉን የሚወስነው ደንብ መቼ ሊሻር እንደሚገባና በምን ሥርዐት እንደሚሻር ነው።

ለምሳሌ የተመረጠችው ከተማ ካርቱም ናት። ካርቱም ጥቁር ዐባይና ነጭ ዐባይ ሞግራን በሚባለው ስፍራ የሚገናኙባት፥ ለኢትዮጵያም የቅርብ ጎረቤት የሆነች ከተማ ናት። በ1902 የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ያም ኮሌጅ እያደገ ሄዶ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ፥ በነጭ ዐባይ ዳር ባለችው በዱዌይም፥ በ1934 የበኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቁሞ ለሱዳን ትምህርት ቤቶች መምህራንን ሲያፈራ ኖሯል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ካርቱም የተመረጠችበት ዋናው ምክንያት ግን የትምህርት ቤቶቿ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የሰዎቿ ስምም ነው። የሱዳን ሰው እንደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የራሱን፥ የአባቱንና የአያቱን፥ ብዙ ጊዜም የቅድመ አያቱን ስም አስከትሎ ይጠራል። ሙሐመድ፥ አሕመድ፥ ዐሊ፥ ዑስማን፥ ፋጢማ የሚሉት ስሞች በየቤቱ ስለሚገኙ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ስም ድረስ የሚተባበሩ ሁለት ልጆች ቢገኙ የሚያስደንቅ ነገር የለም። በስም የተመሳሰሉትን በልደት ቀን ለመለየት ቢሞከርም እንቅፋት አለ። ልደታቸው በጊዜው ያልተመዘገበ ብዙ ሱዳናውያን ዕድሜያቸው በግምት ሲወሰን የልደት ቀናቸው ጃኑዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ስሙም የልደት ቀኑም የሚተባበር ሁለት ሰው በመዝገብ ላይ መገኘቱ አይቀርም።

ደይምና ጅሬፍ በሚባሉት ሰፈሮች የኖሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራሉ። የሱዳን ጸሐፊ ‹ገ› የሚለውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ቃፍ በሚባለው ፊደል ይጽፈዋል። ከዚያ ጽሑፍ ወደ ሌላ ፊደል የሚገለብጠው ሰው ፊደሉን እንደ መጻሕፍት ዐረብኛ ያነበበ እንደ ሆነ ገብሬ ‹ቀብሬ› ሆኖ ይወጣል። ዐረብኛ የ‹ጰ› ድምፅ ስለሌለው ጴጥሮስም ቡጥሮስ ይሆናል። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ አውሮፓ ዓመት ሲመልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ማሳሳት ቀላል ነው። አንዱ ልጅ ሁለት ሰው፥ ሁለቱም ልጆች አንድ ሰው መስለው የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ከጥንት ጀምሮ ለያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር ሰጠ። በሱዳን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ‹ረቅም ጁሉስ›፥ ማለት የመቀመጫ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ውጤቱንም የሚጠይቀው በዚሁ ቁጥር ነው። ስም ሊመሳሰል ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ከሁለት ሰው ጋራ አይሆንም፤ ቁጥር የሌለውም ተፈታኝ የለም። ይህን የመሰለ ቁጥር በኮምፒዩተር መዝገብ ቋንቋ ዋና ቁልፍ ይባላል።

ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ ተወላጅ ሊቅ ነው። ኮድ በካሊፎርኒያ በአይ ቢ ኤም የምርምር ክፍል ሲሠራ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ትልቅ መዝገብ በሰንጠረዦች ተከፍሎ ሊቀመጥ እንደሚገባው አመለከተ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ረድፎቹን የሚለይበት ዋና ቁልፍ ይኖረዋል፤ አንዱ ሰንጠረዥ ሌላውን የሚጠራውም ያንኑ ቁልፍ በራሱ ዐምድ ላይ በመጻፍ ነው። ይህም ሁለተኛው ዐይነት የውጭ ቁልፍ ተባለ። ተዛማጅ የመረጃ ቋት የሚባለው፥ ዛሬ ባንኩም ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም የሚጠቀምበት የመዝገብ ዐይነት፥ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በካርቱም ያለ አንድ ትምህርት ቤት በሐሳብ ይታሰብ። መዝገቡ ሁለት ሰንጠረዦች አሉት። የመጀመሪያው ‹ተማሪዎች› ይባላል፤ ዋና ቁልፉም የተማሪው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ‹ውጤቶች› ይባላል፤ በየረድፉ የተማሪው ቁጥር፥ የትምህርቱ ስም፥ ዓመቱና ነጥቡ ይጻፋል። የዚህ ሰንጠረዥ ዋና ቁልፍ ቁጥሩና ትምህርቱና ዓመቱ በአንድነት ናቸው። በውስጡ ያለው የተማሪ ቁጥር ደግሞ ወደ ‹ተማሪዎች› የሚያመለክት የውጭ ቁልፍ ነው።

እነዚህ ደንቦች ሦስት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛ፥ 417 የሚለው ቁጥር ለአንዲት ልጅ ከተሰጠ በኋላ ለሌላ እንዳይሰጥ ይከለክላሉ። ሁለተኛ፥ ቁጥር የሌለው ተማሪ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ሦስተኛ፥ በ‹ተማሪዎች› ዘንድ ያልተመዘገበ ቁጥር ነጥብ እንዳይጻፍለት፥ ነጥብ ያለው ተማሪም ሳይታሰብበት እንዳይሰረዝ ይከለክላሉ። ከዚህ በላይ ኮምፒዩተሩ ለቁልፉ ማውጫ ስለሚያዘጋጅለት ተፈላጊው ረድፍ ቶሎ ይገኛል። መምህር በሌሊት ተኝቶ ሳለ እንኳ ደንቡ በመዝገቡ በር ቆሞ ይጠብቃል።

እነሆ፥ ይህን ያኽል ሥራ የሚሠራውን ደንብ ለመሻር የሚያስፈልገው ትእዛዝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ኤስ ኪው ኤል በሚባለው የመዝገብ ቋንቋ ‹ኦልተር ቴብል› ብሎ የሰንጠረዡን ስም ከጠሩ በኋላ ‹ድሮፕ› ብሎ የቁልፉን ስም መጨመር ይበቃል። ትእዛዙ ሲፈጸም ከተማሪዎቹ አንድም አይጠፋም፤ ከነጥቡም አንድም አይጐድልም፤ ሰንጠረዡ እንደ ቀድሞው ይታያል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የተሻረው የወደፊቱ ጥበቃ ስለ ሆነ ጕዳቱ በዚያው ቀን አይታይም። የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ ልጁ የምስክር ወረቀቱን ሊወስድ በመጣ ዕለት ነው።

ይህ ነገር የሩቅ ስጋት አለመሆኑን የካርቱም የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስተምራል። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኀይል መካከል ጦርነት በከተማዪቱ ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወሩ፤ ሕዝቡም በገዛ አገሩና በጎረቤት አገሮች ተበተነ። በፌብሩዋሪ 2024 የስልክና የኢንተርኔት መስመሮች በአገሪቱ ብዙ ክፍሎች ተቋረጡ። በ2023 ሊሰጥ የሚገባው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና እስከ ዲሴምበር 28 ቀን 2024 ድረስ ዘገየ፤ ከ340 ሺህ በላይ ተማሪዎችም በአገር ውስጥና በውጭ ለመፈተን ተመዘገቡ። ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፥ ከከተማ ወደ ከተማ በሚሰደድበት እንደዚህ ባለ ዘመን ከልጁ ጋራ መዝገቡም ይሰደዳል። የሁለትና የሦስት ትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ ላይ መደረብ ግድ ይሆናል።

አሁን ከላይ ወደ ታሰበው ትምህርት ቤት መመለስ ይገባል። የሁለት ትምህርት ቤቶች መዝገብ በአንድ ይደረብ ተባለ እንበል። በሁለቱም ዘንድ 417 ቁጥር አለ፤ ሁለቱም ባለ ቁጥሮች ፋጢማ ይባላሉ፤ የሁለቱም ልደት ጃኑዋሪ 1 ነው። ጸሐፊው የሁለተኛውን መዝገብ ሊያስገባ ሲሞክር ኮምፒዩተሩ ‹ይህ ቁጥር ተይዟል› ብሎ እንቢ ይለዋል። ጸሐፊው የቸኰለ እንደ ሆነ የውጭውን ቁልፍ፥ ዋናውን ቁልፍና የውጤቱን ቁልፍ ሁሉ ይሽርና መዝገቡን ያስገባዋል። እንቢታው ቀረ፤ ሥራው አለቀ፤ ጸሐፊውም ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ በኋላ በ417 ቁጥር ሁለት ፋጢማዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በሰባት ትምህርት ተፈትነው ስለ ነበር በ417 ቁጥር 14 ነጥቦች ተጽፈዋል። ኀላፊው የተማሪዎችን ስም ከነጥባቸው ጋራ አጣምሮ እንዲያሳየው ኮምፒዩተሩን ሲጠይቅ 28 ረድፍ ይወጣለታል፤ ለሁለቱም ልጆች ሁሉም 14 ነጥቦች ይሰጣሉና። በሒሳብ 91 ያገኘችው የትኛዪቱ ናት? 38 ያገኘችውስ? መዝገቡ ሊመልስ አይችልም። ሁለቱም ነጥቦች በእውነት የተገኙ ናቸው፤ የተጻፈ ሐሰት የለም፤ ነገር ግን የነጥቡ ባለቤት ጠፍቷል። ያቺ ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ያጠናች ልጅ በሌላዪቱ 38 ዩኒቨርሲቲ ሊዘጋባት ይችላል። ‹የቸኰለ አፍሶ ለቀመ› የሚለው ምሳሌ ለእህል የተባለ ነው፤ የፈሰሰ እህል ሊለቀም ይችላል፤ የተደባለቀ ውጤት ግን የቀድሞው ቅጂ ካልተቀመጠ በቀር ተለቅሞ አያልቅም።

ይህ ሲባል ግን ቁልፍ ለዘላለም አይነካም ማለት አይደለም። ቁልፍም እንደ ሰው ሥራ ሁሉ ተሳስቶ ሊመረጥ ይችላል። የተማሪውን ስምና የልደት ቀን ቁልፍ ያደረገ መዝገብ ሁለተኛዪቱን ፋጢማ ‹ተመዝግበሻል› ብሎ ከበር ይመልሳታል፤ እንዲህ ያለው ቁልፍ መሻሩ ፍትሕ ነው።

የመንግሥትን የመታወቂያ ቁጥር የተማሪ ዋና ቁልፍ ማድረግም እንዲሁ መመርመር አለበት። ሱዳን በ2011 ብሔራዊ ቁጥር የሚሰጥበትን የሲቪል መዝገብ ሕግ አወጣች፤ ኢትዮጵያም በ2023 ባወጣችው በዐዋጅ ቁጥር 1284 ፋይዳ የሚባለውን ዲጂታል መታወቂያ በሕግ አቋቋመች። ሁለቱም ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ዋና ቁልፍ ባዶ መሆን አይችልምና ብሔራዊ ቁጥር የሌለው ስደተኛ ልጅ እንዲህ ባለ መዝገብ ሊገባ አይችልም። ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በዚያው በ2011 የሱዳን የዜግነት ሕግ ተሻሽሎ፥ የደቡብ ሱዳንን ዜግነት እንዳገኘ የተቈጠረ ሰው የሱዳን ዜግነቱ እንዲቀር መደረጉም መታሰብ አለበት። በካርቱም ተወልደው በካርቱም የተማሩ ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ዜግነታቸው ተለወጠ፤ የተማሩት ትምህርት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለተማሪው የራሱን ቁጥር መስጠቱ የተሻለ ነው። ብሔራዊው ቁጥር ላለው ብቻ በሌላ ዐምድ ይጻፍለት፤ እንዳይደገምም ደንብ ይደረግለት፤ ባዶ ቢሆን ግን አይከልከል።

እንግዲህ ቁልፍ መሻር ሲያስፈልግ ሥርዐቱ ምንድን ነው? ያንኑ የሁለቱን ፋጢማዎች ምሳሌ በመከተል እንዲህ ሊነገር ይችላል።

አንደኛ፥ ሊሻር ወደ ታሰበው ቁልፍ የሚያመለክቱት ሰንጠረዦች ሁሉ ይጠየቁ። የመረጃ ቋት ስለ ራሱ ሰንጠረዦችና ደንቦች የሚናገር መዝገብ በውስጡ አለውና መልሱ በግምት ሳይሆን ከዚያ ይገኛል።

ሁለተኛ፥ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ የሚሻረው ደንብ ቃልም ሳይጐድል ይጻፍ። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል በሚባሉት ሥርዐቶች ደንብን የሚለውጥ ትእዛዝ ወዲያው ስለሚጸና ‹ተመለስ› ብሎ ማስቀረት አይቻልም። ፖስትግሬስ በሚባለው ግን ሥራው ገና ካልጸደቀ መመለስ ይቻላል።

ሦስተኛ፥ ከመሻሩ በፊት የሚተካው ቁልፍ ይዘጋጅ። በዚህ ምሳሌ በሁለቱም ሰንጠረዦች ላይ የትምህርት ቤቱ ምልክት የሚጻፍበት ዐምድ ይጨመርና ይሞላ፤ የሁለተኛው ትምህርት ቤት መዝገብም የራሱ ምልክት በየረድፉ ይጻፍለት። አዲሱ ቁልፍ የትምህርት ቤቱ ምልክትና የተማሪው ቁጥር በአንድነት ይሆናሉ። ሁለቱ 417ቶች ያን ጊዜ ተለያይተው በሰላም ይኖራሉ።

አራተኛ፥ በመሻር ጊዜ ተራው ይጠበቅ። አስቀድሞ የውጭው ቁልፍ፥ ቀጥሎ ዋናው ቁልፍ ይሻራል። ተራው የተገለበጠ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ዋናውን ቁልፍ ለመሻር እንቢ ይላል፤ የሚደገፉበት አሉና። ቁጥሩ በራሱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ማይኤስኪውኤል አሁንም 1075 በሚባለው የስሕተት ቁጥር ይከለክላል፤ በራሱ የሚጨምር ዐምድ የግድ ቁልፍ መሆን አለበትና አስቀድሞ ያ ጠባይ ይነሣለት። በዚሁ ሥርዐት የውጭው ቁልፍ ቢሻር ማውጫው በስፍራው እንደሚቀርም ማወቅ ይጠቅማል። ኤስኪውላይት በሚባለው ትንሽ ሥርዐት ደግሞ ዋና ቁልፍን ብቻውን መሻር አይቻልም፤ አዲስ ሰንጠረዥ ሠርቶ ረድፎቹን ወደዚያ ማዛወር ያስፈልጋል።

አንድ ቃል ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ለብቻው መነገር ይገባዋል፤ ይኸውም ‹ካስኬድ› የሚለው ነው። በፖስትግሬስና በኦራክል ቁልፍ ሲሻር ይህ ቃል ቢጨመር በቁልፉ ላይ የተደገፉት የውጭ ቁልፎች ሁሉ አብረው ይሻራሉ፤ ረድፍ ግን አይጠፋም። ይኸው ቃል በውጭ ቁልፍ ደንብ ውስጥ ስለ ረድፍ መሰረዝ ሲነገር ትርጕሙ ሌላ ነው፤ ተማሪው ሲሰረዝ ውጤቱ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጠባቂዎችን ሲያሰናብት ሁለተኛው ንብረቱን ያወጣል። ሁለቱንም ሳያስተውል የሚጽፍ ሰው አይጻፍ።

አምስተኛ፥ መዝገቡ ከገባ በኋላ አዲሶቹ ቁልፎች ሳይውሉ ሳያድሩ ይደንገጉ። አስቀድሞም ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ የተደገመ ቁጥር አለን? ተማሪው ያልተመዘገበ ባለቤት አልባ ውጤት አለን? ለሁለቱም መልሱ ‹የለም› እስኪሆን ድረስ ሥራው አላለቀም። አንዳንድ ሰው ቁልፉን ሳይሽር ጥበቃውን ለጊዜው ብቻ ያስቆማል፤ በማይኤስኪውኤል የውጭ ቁልፍ ምርመራን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ይቻላልና። ነገር ግን ምርመራው ሲበራ በጠፋበት ጊዜ የገቡትን ረድፎች ወደ ኋላ ተመልሶ አይመረምርም። ደንቡ እንዳለ ይታያል፤ ሳይመረመር የገባው ስሕተትም ከደንቡ በታች ተቀምጦ ይኖራል። ከተሻረ ቁልፍ ይልቅ ይህ የባሰ ያታልላል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፥ ማን እንደ ሻረ፥ በማን ፈቃድ እንደ ሻረ፥ ስለ ምንና በምን ቀን እንደ ሻረ ይጻፍ። የትምህርት ቤት ማኅተም ያለ ፊርማ እንደማይመታ ሁሉ የመዝገብ ቁልፍም ያለ ፊርማ አይሻር። ኀላፊው የኮምፒዩተሩን ቋንቋ ባያውቅ እንኳ ‹ምን ሻርክ? በምን ተካኸው? በምንስ አረጋገጥህ?› ብሎ መጠየቅ ይችላል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ኀላፊነት እንጂ የባለሙያ ዕውቀት አይደለም።

የተከበራችሁ መምህራን፤ በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት ከቤቱ የወጣ ልጅ ብዙ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ሊሸከመው የማይከብደው፥ ማንም በኬላ ላይ ሊቀማው የማይችለው ሀብቱ የተማረው ትምህርት ነው። ያን ትምህርት ለማያውቀው አገር የሚመሰክርለት ግን መዝገቡ ነው። መዝገቡ ‹ይህ ነጥብ የዚህ ልጅ ነው› ብሎ ሊናገር የሚችለው በቁልፉ ነው። ስለዚህ ቁልፉን የሚሽር እጅ ከትእዛዙ በፊት በቁጥሩ በስተ ኋላ ያለውን ልጅ ያስብ፤ ከሻረም የተሻለውን ተክቶ፥ መርምሮና ፈርሞ ከመዝገቡ ይነሣ።